አንድም

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሠላሳ አንድ። የእኔ ቤት አራተኛ ፎቅ።
ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ይባላል፣ ግን አይታወቅ።
ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣ የቤት ቁጥር ተጽፎ ባንገታቸው፤
እኛ ጋቢ ደርበን፣ ብሎኬት ላይ፣ ከኋላቸው።

ዘበኛችን ጋሼ ልሳነወርቅ፣
ትርጓሜ ቤት ስምንት ዓመት ከርመው፣ ሳያስመሰክሩ የቀሩ ሊቅ፣
በእጅ ባትሪ ወንጌል ያነቡልናል፣ ቧንቧው እስኪያጉረመርም ስንጠብቅ።

ዛሬ የሳምራዊቷ ነው። ቀትር። ማድጋ የያዘች ሴት።
ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ መንገደኛ፤ የደከመው፣ መቅጃ የሌለው፣ የጠማው ድንገት።

«አንድም» አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣
«ሴቲቱ ነፍስ ናት፤ አምስቱ ባሎቿ ሕዋሳቷ ናቸው፤
ዐይን አገባት፣ ሰለቻት። ጆሮ አገባት...» ሳል ያዛቸው።

«አሁን ያለው፣ ስድስተኛውስ?» አለች ሽታዬ፣ ልጇን አዝላ።
«እሱማ ሐሳብ ነው። ሳይፈርም የገባ፣ ሌሊቱን የሚለፈልፍ፣ እንቅልፍ የሚበላ።»
ተሳቀ። እኔ ዘግይቼ ሳቅሁ፤ ያን ስድስተኛ አውቀዋለሁና፣
ቤቴ ሲፈርስ ከፍራሹ ጋር፣ በዚያው አይሱዙ፣ ተጭኖ መጥቷልና።

ከካዛንቺስ ስነሣ፣ ከቤቴ ይልቅ ለደብሬ ደወል ነበር ያለቀስኩት፤
ከዚያ ወዲህ እግዜርን፣ በሁለት ታክሲና በባጃጅ ነው የፈለግሁት።

«አንድም ጉድጓዱ ልብ ነው» አሉ ጋሼ፤ «ገመድ ያጠረበት ሰው
ደርቋል ብሎ ይምላል እንጂ፣ ውሃውስ መች ጎደለው።»

ዐይኔን ጨፈንኩ። ብሎኬቱ ላይ እንዳለሁ፣
ያጠረ ገመዴን ቀጣጥዬ ወደ ውስጥ ለቀቅሁ።
መጀመሪያ አየር ብቻ። ፉጨት። ባዶ ሳል።
ቀጥሎ ዝገት፦ የእኅቴ ኩርፊያ፣ ያልከፈልኩት ዕቁብ፣ ለሟች የገባሁት ቃል።
ብዙ ዝገት።
ከዚያ፣ ከየት መጣ ሳልል፣ አንድ ጠብታ። ቀዝቃዛ።
ጠብ።
ደግሞ ጠብ።
ስም የለውም፤ ጣዕም ግን አለው፤ ያልጎረስኩት ጉርሻ፣ ለጉሮሮዬ የሚበዛ።

«መጣ!» አለ አንድ ሰው። ቧንቧው አጉረመረመ፤ ሰልፉ ተናደ።
ሳምራዊቷ ማድጋዋን ትታ ሮጠች፤
የእኔ እግር ወደ ጀሪካኑ ሄደ።
ምን ላድርግ። የልጅ ዩኒፎርም አለ። ሽንት ቤቱም ከእሑድ ወዲህ...

ሞልቼ ስከድን፣ ጋሼ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው፣
በሰልፉ ቁጥር የሌላቸው፣ ጀሪካንም የሌላቸው ሰው
(ሦስት ዓመት ሙሉ ከየት ይጠጡ እንደሆን ማንም ያልጠየቃቸው)
ጠጋ አሉኝ፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ልጄ፣ እስቲ ውሃ አጠጪኝ።»

እጄ ክዳኑ ላይ ቀረ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።
ቀትር ሆነብኝ።