ባዶ ነው ያልነው

ኦውሉ፣ በየካቲት፣ ባሕሩ ድንጋይ ሲሆን፣
ሳካሪ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ ነካካ ማሽኑን፤
የጫማ ሣጥን የምታህል፣ ሽቦዋ የወጣ፣
ባትሪዋ በብርድ የሚደክም፣ በትንሹ የምትቆጣ።
ጠባይዋ ግን ጨዋ ነው፦ ከመናገሯ በፊት
ጆሮ ትጥላለች፣ እንደ እንግዳ በሰው ቤት።

አየርም እንደ መሬት ባለርስት አለው፤
ጦም ያደረ ሞገድ ሲያገኝ ነው ጭሰኛው ገብቶ የሚያርሰው፤
ጌታው ብቅ ሲል ደግሞ ሞፈሩን ነቅሎ ሊሄድ።
ሕጉ ይኸው ነው፦ መስማት፣ መጠበቅ፣ መልቀቅ መንገድ።

ሦስት ሌሊት ሆነው ግን፣ ከቱይራ ሰፈር ወዲህ
አንድ ሞገድ ተይዟል፤ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ እንዲህ።
ወሬ የለው፣ ዘፈን የለው፣ ቁጥር እንኳ አይልክም፤
አጋሰሱ ይሄዳል፣ ጭነት ግን የለበትም።

«ግሳንግስ ነው» አለ አለቃው በስልክ፣ «ደፉን ከፍ አድርገው፤
እንደ ጣራዎቹ ማሽኖች፤ ባዶ ነው ብለህ መዝግበው።»
ደፍ ከፍ ሲል አቅመ ደካማ ውጭ ይቀራል።
ሳካሪ ይህን ያውቃል። «እሺ» ብሎ
ወጣ፣ አንቴናውን እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አንጠልጥሎ።

በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ወደ ግራ ሲያዞር ሞገዱ ይሞታል፣
ወደ ቀኝ ሲመልሰው ነፍስ ይዘራል።
ሁለተኛ ፎቅ፣ ቢጫ መብራት፣ የመድኃኒት ሽታ፤
አንዲት አሮጊት ከፈተችለት፣ በወፍራም ካልሲ፣ በዝግታ።
ሂልያ ትባላለች፤ በአገሯ ቋንቋ «ጸጥታ» ማለት ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከዳቦ ፍርፋሪው ጋር፣
የሕፃን መጠበቂያ ሬዲዮ፣ ሕፃን በነበረ ጊዜ የተገዛ ነበር።
ሕፃኑማ ቱርኩ ነው፤ እሱም ራሱ አባት።
አሁን የሚጠበቀው ታውኖ ነው፣ ባሏ፣ ሳንባው የደከመበት።

ማሽኑን አስጠጋው። ያች ከሩቅ ቀጥ ያለች መስመር
እዚህ ትነሣለች፣ ትወድቃለች፤
ትንሽ ትቆያለች፣
ደግሞ ትነሣለች።

«ሰው በጠበጥኩ እንዴ? ላጥፋው?» አለችው።
መልስ ሳይሰጣት ቀጠለች፦
«ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ይሄ ዕቃ ይንሻሻል ሌሊት፤
የሱ ደረት መስሎኝ፣ አምቡላንስ ልጠራ፣ ስንቴ ብድግ አልኩበት።»

ያለፈው ሳምንት።
ማሽኖቹን ጣራ ላይ የሰቀልንበት።

መኪናው ውስጥ ሊመዘግብ ሲል ባትሪው ሞተ።
እርሳስ ፈለገ፣ የቤንዚን ደረሰኝ ገለበጠ፣
ጣቱ እየደነዘዘ ጻፈ፦
«ሞገድ አምስት፤ ባለቤት አለው። ደፉን አውርዱት።»