አየሁ እንጂ

እሁድ ረፋዱ ላይ፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣
ወንበሯ ከምትወላገድ አንዲት ትንሽ ካፌ ሦስት ሆነን ስንገባ፣
ጆሯችን አብሮን የለም፤ ከትናንት ማታው
ድምፅ ማጉያ ስር ቆሞ የቀረ ይመስላል፤ አልለቀቀም ቦታው።

ወንድይፍራው ጀመረ፣ ስኳሩን ሳያማስል፦
«ሰውየው አርጅቷል። ከፍ ያለው ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይከዳውና
ለባንዱ ትቶለት ዘወር ይላል፣ ውሃ የሚጠጣ ሊመስል።»

ኤልዳና ተቆጣች፤ የሷ ቁጣ ደግሞ በእጅ ነው፣ በማንኪያ፦
«ስንጥቁን ነውኮ የከፈልኩበት!
የጠራውንማ በነፃ እሰማው የለ ታክሲ ውስጥ፣
ሥራ ስሄድ፣ ስሄድ ገበያ!»

ስለ ጥሩምባ ነፊው ተነሳ ቀጥሎ፤
ያ ሽበታም ሰውዬ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው መስሎ፣
ተራው ደርሶ ረስቶት፣ ከበሮ መቺው በዱላው ጫፍ ጎኑን ነካ ሲያደርገው
ዘሎ ገብቶ ነፋ፣ አንድ ስንኝ ዘግይቶ።
እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከሌሊቱ ሁሉ የገዛኝ ያ መዘግየት ነው።

ሐሙስ ማታ ደግሞ፣ ካዛንቺስ፣ ካልፈረሱት ቤቶች ባንዷ ያየኋትን ልጅ አነሳሁላቸው፦
ክራሯን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክታ፣ በጫማዋ አፍንጫ አንዲት ሳጥን ስትረግጥ
አምባሰሉ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በበረዶ ሲቀጠቀጥ።
አልሰሙኝም። መብራቱ ጋ ለመድረስ ነው ጥድፊያቸው።

መብራቱ ጋ ደረስን። መድረሳችን አይቀር።
ለገሃር አጠገብ ያ ትልቅ አዳራሽ በአንዴ ጥቁር ሲሆን፣ ጄኔሬተሩ ሲያጓራና ሲቀር፣
ሰውየው ማይኩን መሬት አስቀምጦ
መድረኩ ጫፍ ላይ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ እንደ ሰፈር ልጅ ተቀምጦ
በባዶ ጉሮሮው ሲያንጎራጉር—
«ስድስት ደቂቃ» ይላል ወንድይፍራው። «ሩብ ሰዓት!» ትላለች ኤልዳና። «በሕይወቴ ሙሉ
እንዲህ ያለ አላየሁም። ጫማውን ሲያወልቅስ! አየሽው አይደል?» አሉ።

«አየሁ እንጂ» አልኩኝ።

አላየሁም።
ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ነበርኩ፣ ከበሩ ሁለተኛ።
መብራቱ ሲጠፋ ከፊቴ ያለችው ሴት፣ ስሟንም አላውቅም፣
«እባክሽ ያዢልኝ» ብላ ቦርሳዋን አስታቅፋኝ ገባች።
ጨለማ። የቧንቧ ጠብታ። የበረኪና ሽታ።

ከዚያ በግድግዳው መጣ።
ቃል የለውም፤ ፊደሉን ግንቡ አስቀርቶታል፤
ጎረቤት ሌሊት ሲጸልይ እንደሚሰማው፣
የሚለምነውን ሳታውቀው ልመናውን ብቻ።
ከኋላዬ ስታማርር የነበረችው ዝም አለች።
ፅዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋ ላይ አገጯን አሳረፈች።
አንዷ መዳፏን ሴራሚኩ ላይ ለጥፋ፣
በእጇ ነው የምትሰማው።

ያኔ፣ በተዘጋው በር ውስጥ፣ የቦርሳው ባለቤት
ሁለተኛውን ድምፅ ያዘችለት።
በቀስታ፣ ከሱ ትንሽ ዝቅ ብላ፣
አብረው የኖሩ ሰዎች እንደሚሄዱት፣ ሳይተያዩ።
«ቶሎ በይ» ያላት የለም። በሩን የቆረቆረ የለም።

መብራት መጣ። ጭብጨባው ግንቡን ጥሶ መጣ።
ወጣች፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል።
«ቆየሁብሽ» አለችኝ። «ኧረ ምንም» አልኳት።
ተራዬን ለኋለኛዋ ትቼ ተመለስኩ፤
ወንበሬ ጋ ስደርስ ሰውየው ጫማውን እያሰረ ነበር።

ይህን ለማን ልንገር? አሁን ኤልዳና
የቀረፀችውን ከፍታ ስልኳን ታዞራለች፦
ጥቁር ነው፣ ጭልጥ ያለ ጥቁር፣ መሀሉ ላይ የወንድይፍራው ሳል።
«ይሄው ስድስት ደቂቃ!» «መሀል ላይ ነው የጀመርኩት!»
ይከራከራሉ። ማኪያቶው ላይ ቆዳ ሠርቷል።

እኔ በደቂቃ አላውቀውም።
የሰው ቦርሳ ክንድ ላይ፣ መጀመሪያ ቀሎ፣
እጅ እስኪለዋውጡለት ድረስ ነው ርዝመቱ።
ከባድ ነበር። ምን እንደያዘች እንጃ።

«ሂሳብ!» አለ ወንድይፍራው።