የየራስ ኪስ

ሂርማታ ገበያ ጥግ፣ አራት መኪና፣ አንድ ደብተር፤
አወል «ወገብ» ብሎ የጻፈውን ነጂብ ሰርዞ ሲያሰፍር፣
የሙሽራው ሱሪ ጠበበ፣ የልጁ ተጎተተ በምድር።
ማንም አልዋሸም። ሁሉም ልክ ነበር።

«በተራ!» ተባለ። አንዱ ሲጽፍ ሦስቱ ቆመው አዩ፤
የሰፋው የሐምሌ ዝናብ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ።

አባቴ ከድር ለየሰዉ የደረት ኪስ ሰፋ፤
ስሙ ያው «ወገብ»፣ ቁጥሩ የየራስ፣ አንዱ ባንዱ ሳይጠፋ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ፣ ሌሊት፣
አራት ክር ባንድ ፕሮግራም ሳስሮጥ ያንኑ ኪስ ሰጠኋቸው።
ክሩ ሲያልቅ ኪሱም ይራገፋል፤ ደንቡ ነው።

የአባቴን ኪስ ግን ከቀብሩ ማግስት ስከፍት፣
«ወገብ፦ ሃምሳ አራት»።
የሰባት ዓመቷ እኔ፤ ማንም ያልጻፈባት።