ስንት ፍራሽ አለን

ይመር በባዶ እግሩ ወለሉን ይለካል፣
ከግድግዳ ግድግዳ ስምንት ርምጃ ይሆናል።
«ሰው ጎን ለጎን ቢተኛ ዘጠኝ፣
እግር ለራስ ከሆነ አሥራ አንድ» አለኝ።

ሦስት ፍራሽ ከእኛ፣ ሁለት ከጎረቤት፣
አንዱን የፔሻዋሩ ዘበኛ አወጣልን ከጥበቃው ቤት፤
«ለሠርግ ነው» ብንለው ኪራዩን እምቢ አለ፣
«ብርያኒ አትርሱኝ» ብሎ ፍራሹን አዘለ።

እኔ ደብተር ይዤ መንገድ እጽፋለሁ፣
ለሩቅ እንግዶቼ በስልክ እልካለሁ፦

ወርቄ፣ ከፉጀይራ ሐሙስ ማታ ተሳፈሪ፣
ተራራው ያዞራል፣ ከወዲሁ ሎሚ ማሽተት ጀምሪ።
የሻርጃ ጣቢያ ከዓሣ ገበያው ጎን ነው፣ ሽታው ይነግርሻል፤
እዚያው ቁሚ፣ የላውንድሪው ቫን መጥቶ ይወስድሻል።

እንድሪስ፣ ከሙስካት ከነቤተሰብህ ስትነሣ
የኬላውን ክፍያ በእጅህ ያዝ፣ የልጁን ፓስፖርት አትርሳ።
በሩ ላይ «ወንድሜ» የሚልህ ባለታክሲ ሁሉ
እጥፍ ነው ዋጋው፤ እለፋቸው በሙሉ።

እናንተ የዴይራ ልጆች፣ «ቅርብ ነን» ብላችሁ
በሥራ መውጫ ሰዓት ብትነሡ፣ ከሙስካቱ ሰው ኋላ ትደርሳላችሁ።

አንድ ዓይነት ቀሚስ አላልኩም፤ ያላችሁን ልበሱ፣
ስጦታም አትግዙ፤ ፈቃድ ብቻ ይዛችሁ ድረሱ።
አባቴ ከወረባቦ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣
«ልጄን ድሬልሃለሁ» ይላል፣ ድምፁ ነፋስ ጠጥቶ።

አንድ ስም ቀረ።
ዘሃራ፣ የአል ዓይኗ።
በአንድ ሌሊት ከመንደር የወጣን፣
ለሁለት አንድ ሻንጣ የነበረን።

ስደውልላት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ ነው የምታወራው፦
«መዳም እምቢ አለች። ጁምዓ እዚህም እንግዳ አለ፣
አርባ ሰው። ሰሐኑን ማን ያጥባል?
አንቺ ግን ተሞሸሪ ሉባባ፣ ተይኝ፤ የኔም ያልቃል።»

እስኪርቢቶዬን ስሟ ላይ አኖርኩ፣ መሰረዝ ግን አቃተኝ።
ይመር ስልኩን ከእጄ ወሰደና
«ዘሃራ» አላት፣ «ማታ ቆሻሻ የምታወጪው በስንት ሰዓት ነው?»

ጁምዓ ማታ፣ ኒካሁ ታስሮ፣ ሩዙ ተበልቶ፣
ከነቬሎዬ ተጫንኩ፣ የሆቴል አንሶላ ክምር ላይ።
አሸዋው ከግራ ቀኝ፣ መንገዱ እንደ ተወጠረ ገመድ፣
አንዲት ጠመዝማዛ የለውም፤
እኔን ግን አዞረኝ።
ወርቄ ስሸኛት የቀረቻትን ግማሽ ሎሚ
እጄ ላይ አድርጋልኝ ነበር።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሩብ።
የብረቱ በር ተከፈተ፣
ጥቁሩ ከረጢት ቀደመ፣ ዘሃራ ተከተለች።
ጓንቷን አወለቀች፣ ያም ሆኖ ቬሎዬን አልነካችም፣
«እጄ» አለች፤
በክርኖቿ አቀፈችኝ።

ከሽርጧ ኪስ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አወጣች፦
ሦስት ተምር፣ ለውዝ የተሸጎጠበት።
«ትራፊ እንዳይመስልሽ» አለችኝ፣
«ለእነሱ ሳላቀርብ ነው ያነሣሁልሽ።»

ፎቅ ላይ መብራት በራ።
ይመር ከረጢቱን ተቀብሏት ወደ ገንዳው ሄደ፣ በሱፉ፣ በክራቫቱ፤
«ሙሽራው ቆሻሻ ጣለ!» ብላ ሳቀች፣
አፏን በክንዷ አፍና።
ከዚያ በሩ። ከዚያ ቁልፉ።

ሻርጃ ስንደርስ ሊነጋ ነው።
በሩን ቀስ ብለን ገፋነው፦
ወርቄ፣ የዴይራ ልጆች፣ እንድሪስ ከነሚስቱ፣
ልጁ በሁለት ፍራሽ መካከል ሰጥሞ፣
ሁሉም እግር ለራስ።

ይመር በጣቱ ቆጠራቸው፤ አሥራ አንድ፣ ልክ እንዳለው።
ደግሞ ቆጠረ።
ከዚያ ዞሮ አየኝ፣
እኔም አየሁት፤
ደብተሩ ላይ ሁሉንም ጽፈን
ሁለት ሰው ረስተን ነበር።