ሦስት ሰንጢና አንድ ስለት

ዝናቡ ሲንጠባጠብ ካልታከተው ሰማይ፣
ሐሙስ በሞንፎርቴ፣ ገበያው መውጫ ላይ፣
አጎቴ ኤላድዮ ፉጨቱን ነፋበት፤
ቢላ ያለው ይምጣ፣ መቀስ የደነዘበት፣
ጃንጥላም እንጠግናለን ዘንጉ ለወለቀበት።
እኔም ከራሱ በላይ አንዱን ዘርግቼለት
(የሰው ነው፤ ትናንት ማታ ክንፉን የሰፋንለት)
ድንጋዩን በእግሩ ሲያሾር እንደ ልብስ ሰፊ፣
ቆሜ አያለሁ ዝም ብዬ፣ የጠብታ ገፊ።

ሳቤላ መጣች ያኔ መሐረቧን ቋጥራ፣
ከቋጠሮው አወጣች ሦስት ሰንጢ ቆጥራ።
«ርካሽ ናቸው ሦስቱም፤ አልደብቅህም ዋጋ፣
አንዱ አምስት ዩሮ፣ አንዱ ሰባት፣ ሌላው ዘጠኝ ተጠጋ።
ልጄ ብራይስ ሰኞ ወደ ባሕሩ ወርዶ
ዛጎል ያዘለ ገመድ ሊቆርጥ ነው፣ ለሥራ ሄዶ።
የቱ ነው እውነት ብረት? የቱ ነው ማስመሰል?
አንተ ታውቃለህና ንገረኝ ሳትሸነግል።»

አንደኛው መስታወት ነው፣ ፊትህን ያሳይሃል፤
«የጃፓን አረብ ብረት» ተብሎ ተጽፎበታል፤
እጀታው የእባብ ቆዳ፣ ብሎኑ ወርቅ የተነከረ።
«ጽሑፍ ገመድ አይበጥስም፣ ገመድም ፊደል አልቆጠረ!»
አለና አጎቴ ድንጋዩን በእግሩ አሽከረከረ።
ፍንጣሪው አጭር፣ ቀይ፣ እንዳላጠና ተማሪ
መልስ አፉ ላይ የቀረ፣ ተነሥቶ ተንተባታሪ።
ሞረዱ ነከሰው ቶሎ፣ እንዳልደረቀ አይብ፤
ጠርዙም በመዳብ ምስማር ታጠፈ ሳያስብ።

ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ ሞረዱን አንሸራተተው፤
«ይሄ ነው!» ልል አፌን ስከፍት አጎቴ በዓይኑ ዘጋው።
ምስማሩን ሲያስነካው ጊዜ ጠርዙ ተሸረፈ፤
መጉበጥን እንደ ነውር ቆጥሮ በኩራቱ ረገፈ።
«ከእሳት ወጥቶ ያልሰከነ እንዲህ ነው ጠባዩ፣
ሰውም ብረትም» አለ፣ ብናኝ ሲጠርግ ከድንጋዩ።

ሦስተኛው...
እንጨት እጀታ፣ ስለቱ የደፈረሰ፣
እንደ ዕለቱ ሰማይ ያለ፣ ዳመና የለበሰ።
ድንጋዩን ሲነካው ግን ነጭ እሳት ረጨ፤
ከአንዱ ብልጭታ ወገብ ሌላ ብልጭታ መነጨ፤
አበባ ያፈካ ዛፍ፣ ለቅጽበት አየር ላይ በቅሎ፣
ዝናቡ ውስጥ ገባ ጠፋ፣ ከጃንጥላው ሥር ሾልኮ።
ጠርዙም በምስማሩ ላይ ጎንበስ አለ፣ ተመለሰ፤
አጎቴ በአውራ ጣት ጥፍሩ ዳር ዳሩን ዳሰሰ፤
ፈገግ አለ። (ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲል አላየሁም።)
«ይሄ ብረት ነው» አለ፤ ድምፁን አልረሳሁም።

ሳቤላ እጇን ዘረጋች። እሱ ግን አልሰጣትም።
«ባሕር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባሕር ጨው ነው፣ አይምርም።
ይሄ ልበ ደግ ነው፣ የመጣበትን ይቀበላል፤
እርጥብ ኪስ ውስጥ ካደረ ዝገት ይማገዋል፤
በሦስት ወር ማጠፊያው ነክሶ አልከፈትም ይለዋል።
ለወይን ሐረግ ቢሆን፣ ለዳቦ፣ ለእንጉዳይ፣
ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ እዚሁ ተራራው ላይ።
ለብራይስ ያንን ስጪው፣ የእባብ ቆዳውን፣ ውሸታሙን፤
ልስልስ ነው፣ ግን ጨው ቢልሰው አይሰጥም አካሉን።»

ጃንጥላው ዘመመ በእጄ፤
ውሃው በአጎቴ ማጅራት ወረደ፤ አልተቆጣኝም።

«ስለቱስ?» አለች ሳቤላ፣ «ይሄ ስለት አይዘልቅም።»
«አይዘልቅም። ማታ ማታ ይሳለው፣ አይሰልች፣
ስለት አንዴ ገብተውት የሚተዉት አይደለች።»

ዝም አለች። ለድንግል የገባችው ስለት
ሻማ ነበር፣ ልጇ ቢመለስ፣ በቁመቱ ልክ የሚበራለት።
ይህን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያን ቀን ያየሁት
መሐረቡን ስትቋጥር፣ ስትፈታ፣ መልሳ ስትቋጥር ነው።

አጎቴ ልስልሱን ሳለው፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ፤
ከአሮጌ ድንጋይ ስባሪ አንዲት ጣት የምታህል ቀርፎ
«ለብራይስ» አላት። የአንዱን ዋጋ ብቻ ተቀበለ።
የተሸረፈው ቆሻሻ ውስጥ፤ ጥቁሩ በእኔ እጅ ቀረ።

ዛሬ መንኮራኩሩ የኔ ነው። «ጥሩ ብረት ነው?» ሲሉኝ
«የት ሊውል?» እላለሁ መጀመሪያ፤ አንዳንዱ ይሥቅብኛል።
ሻማው ይብራ አይብራ ማንም አልነገረኝም።
ጥቁሩ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ከመሳል ብዛት ቀጥኗል፣
የእንጉዳይ ሽታ ይዟል።