ምላሴን ሲመልሱልኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምላሴ የሰው ነበረ፤
በፋብሪካው መዝገብ ላይ፣ ከሚዛኑ ጋር የሰፈረ።
ነጭ ሽንኩርት ክልክል፣ ቃሪያ ክልክል፣ ትምባሆ ክልክል፤
ቡና ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ እንደ ጎረቤት ሚስት ክልክል።

ጠዋት ጠዋት ስገባ፣ ስልሳ ስኒ ተደርድሮ፣
የስልሳ ማሳ ቅጠል፣ በየስኒው ተቆጥሮ፣
ጨርቅ እንደሚቀድ አሰምቼ፣ በማንኪያ እስበዋለሁ፤
ላንቃዬ ላይ አንከባልዬ፣ ባልዲው ውስጥ እተፋዋለሁ።
ቀለሙን «ቡናማ» ብዬ እጽፋለሁ፣
ስሙን እንጂ እሱን ሳላውቀው።
ስልሳ ጊዜ መቅመስ፣ አንዴ እንኳ አለመዋጥ፤
እንጀራዬ ይህ ነበር፣ ሳይጠጡ ማማረጥ።
«ይህን የለቀመ እጅ፣ ሳሙና ነበረበት» ካልሁ፣
ሄደው ይጠይቃሉ።
ነበረበት።

ይህ ተራራ ሻይ ሳይለብስ፣ ቡና ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች፤
ቅጠሉን ዝገት በልቶት፣ አንድ ትውልድ ሳይሞላ አለቀ።
ከፋብሪካው ጀርባ ግን፣ ሦስት አራት ግንድ ቀርቷል፣
ወፍ ብቻ የሚለቅመው።
በዚያ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ደመወዜ ነዋ!

የአፍንጫዬ ዝና፣ ከሃተን ኮሎምቦ ዘልቆ፣
አንድ ሽታ ብቻ ግን፣ ሸሸኝ ስሙን ደብቆ።
ማታ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጃንጥላዬን ስትቀበለኝ፣
ከሲቫካሚ ፀጉር፣ አንድ ነገር እየሸተተኝ፣
የተቃጠለ ስኳር? ዝናብ የነካው አፈር?
እያልሁ እተኛለሁ፣ እያልሁ እነሣ ነበር።
እሷ ቅርንፉድ ታኝካለች። «ጥርሴን አሞኝ» ትላለች።
ጥርሷ እስከ ዛሬ ድንጋይ ይሰብራል።

ባለፈው ዓርብ ሸኙኝ። የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ካርቶን ሻይ።
ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨብጦ፣
«አቶ ካናጋራትናም፣ እንግዲህ ምላስዎን ይዘው ይሂዱ» ብሎ ሳቀ።
ይዤው ወጣሁ።

ሰኞ፣ ከባቡር ጣቢያው ጎን፣ ፒያሴና ሻይ ቤት ገባሁ፤
እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ።
«የትኛውን ሻይ ላምጣ?» አለ፤ መቼም ያውቀኛል ከተማው።
«ቡና» አልሁት። ዞሮ አየኝ፣ የሞተ ሰው እንደጠየቀው።

በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ በብርጭቆ፣ ስኳሩ ከሥር ተኝቶ፣
መጣ። ከሻይ የጠቆረ፣ አረፋው ጠርዝ ላይ ሸሽቶ።
ማንኪያ ጠየቅሁ፤ ልማድ ነው። አሰምቼ ሳብሁት።
ባልዲ ፈለግሁ በዓይኔ። ባልዲ የለም። ዋጥሁት።

መረረኝ።
ፊቴ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ፤
ሁለት ተማሪዎች አፋቸውን ይዘው ሳቁብኝ።
እንደ ከሰል፣ እንደ ተጣላ ዘመድ ሰላምታ መረረኝ።
ለዚህ ነው እንዴ፣ አልሁ፣ ዕድሜ ልኬን የተጠበቅሁት?

ሁለተኛውን ስስብ ግን፣ ከምሬቱ ወዲያ ማዶ፣
አንድ በር ገርበብ አለ፤
ጃንጥላ። ፀጉር። አሥራ አንድ ሰዓት።

ብርጭቆውን ሳልጨርስ፣ ሒሳቡን ሳልቀበል መልሱን፣
ያን ዳገት በዚህ ጉልበት!
ቤቴ ባዶ። ድምፅ ግን ከሮሳሊን ማጀት ይሰማል።
ገባሁ።
ስኒው በአንድ እጇ፤ ሌላው እጇ ቅርንፉድ ይዞ
ወደ አፏ ሲሄድ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት?» አልኋት።
«ሃያ ዘጠኝ» አለች ሲቫካሚ።
«የመጀመሪያዎቹን ሁለት፣ እውነቴን ነው፣ አልጠጣሁም።»

መስኮቱ ላይ ቀይ ፍሬ በሰፌድ ተሰጥቷል፤
ወፍ ብቻ አልነበረም ለካ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ለቃሚው።
ሮሳሊን ትንፍሽ ሳትል፣ ሦስተኛ ስኒ አጠበች።

ሳብሁ። አንከባለልሁት። ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ።
«ጭስ ነክቶታል» አልሁ።

«ዝም ብለህ ዋጠው» አለችኝ።