አውራ ጣት

መስከረም እኩሌታ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
ሣሩን ሰው ሳይረግጠው፣ ጤዛው ሳይከዳ፣
ግንቡን ለእንግዳ ሰው፣ ለሙሽራ ትቼ
ቀሃን ይዤ ወረድሁ፣ ካሜራ አንግቼ።

ሰው ሁሉ አንጋጦ ጉልላት ሲያነሳ
እኔ በጉልበቴ፣ ከቅጥሩ ግርጌ፣ የጉንዳን አበሳ፣
ያንዲት ፍሬ ሸክም፣ ያንድ ቅጠል ጠባሳ።

ካሜራው አሮጌ ነው፤ ከአጣናው የገዛሁት፣
ሦስት ወር ሙሉ በዱቤ የከፈልሁት።
«ሌንሱን ገልብጠህ ብታስረው ትንኝ ዝሆን ይሆናል» ብሎኝ ነበር፤
አልዋሸም።

የመዋኛው ቅጥር ሽበት አብቅሎበት፣
ከሩቅ ሲያዩት የኖራ ጠብታ የነካው፣ የረሱት፤
ስጠጋው አገር ነው፤ ተራራ አለበት፣
ሰው ያልሠፈረበት ዳገት፣ ሐይቅ የደረቀበት።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉ ዘበኛው፣ አያ ባዩህ፣
ዱላቸውን ተደግፈው። «ቀለበት ነው?»
«አልጠፋብኝም።»
«ታዲያ ምን አንበረከከህ?»
ማያውን አዞርሁላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
አዩ፤ ዝም አሉ።
«ይህ ጠጉር ያበቀለው ምንድን ነው?»
«የንብ ዓይን ነው፣ አያ።»
«ዓይኗ ላይ? ጠጉር?»
ከዚያ ወዲህ በበሩ ባለፍሁ ቁጥር
«ዛሬስ የማንን ዓይን?» ይሉኛል።

ነፋስ ነው ጠላቴ።
ነጠላ የማያነሳው፣ ላብ የማያደርቀው ነፋስ
ለኔ ማዕበል ነው፤
የማገጧን አንገት እንደ ሰካራም ያንገላታዋል።
ጥርት የሚለው ስፍራ የጤፍ ፍሬ አይሞላም፤
አንዲት ጠጉር ወደ ፊት ብል ክንፏ ይደበዝዛል፣
ወደ ኋላ ብል ፊቷ።
ዘንጓን በግራ ጣቴ ደገፍሁ፣ ትንፋሼን ዋጥሁ፣
ቀጭ።
ደግሞ ቀጭ።

ማታ፣ ማራኪ፣ መብራት ካልጠፋ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ምስል ሲሰፋ
ማንሳትማ ቀላል ነው፣ መምረጥ ነው መከራ፤
ካንዱ ጋር ስታረቅ ካንዱ ጋር ጎራ።
ይህ ደበዘዘ፤ ይውጣ።
ይህ አንድም እንከን የለው፤ ግን ሕይወት የለውም፤ ይውጣ።
ይቺ ጢንዚዛ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣
እኔ በመስኮቴ ለባለጉዳይ እንደምሰጠው።
እሷንስ ምን ብዬ እወቅሳለሁ፤ ትቆይ።
አይ፣ ትውጣ።

አንጓች ልብስ እያጣጠፈች በትከሻዬ አሻግራ አየች።
«እሱን አታጥፋው።»
«ተበላሽቷል እኮ፤ ጣቴ ገብቶበታል።»
የማገጧ አበባ፣ ሆዷ ላይ የተኛች ንብ፣
ከዳር ደግሞ፣ ሩቡን ያህል ሸፍኖ፣
አውራ ጣቴ፤
የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ሐምራዊ ቀለም
ጥፍሩ ሥር ገብቶ፣ በመስመሮቹ ፈስሶ፣
በጋ ላይ እንደሚያዩት ወንዝ ቀጥኖ።
«ጣትህ ባይኖር ትቆምልህ ነበር?» አለች፤
አንሶላውን ጫፍ ለጫፍ ገጠመችው።

ስንት ወረቀት መታሁ በዚህ ጣት ገፍቼ፣
«ጸድቋል» ብዬ፣ «ውድቅ» ብዬ፣ ቀን ቆርጬ፣ ቀን ረስቼ፤
ስንቱ ሰው በዚህ ጣት ደስ ብሎት ወጣ፣ ስንቱ አዝኖ፤
ጠጋ ብዬ አላየሁት፣ የራሴ ጣት ሆኖ።

ሦስት አስቀረሁ።
የንቧን ዓይን፣ አሳትሜ ለአያ ባዩህ የምሰጠው።
የድንጋዩን ሽበት።
ጣቴን።
አራተኛዋን፣ ያችን ደብዛዛ ፌንጣ፣
ዘልላ እግሯ ብቻ የቀረችውን፣
ለምን እንዳልጣልኋት አላውቅም፤
ላስብበት ስል
መብራት ጠፋ።